ሦስት ምት በጉድጓዱ አፍ

ጋሽ መዶሻ የሞቱት ከጉድጓዱ ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ነው። እግራቸው አሁንም ደረጃው ላይ ነው፤ ደረታቸው ግን በጭነት መኪናው አፍንጫና በጉድጓዱ የሲሚንቶ ጠርዝ መካከል ተይዟል። ቀኝ እጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ እንኳ መኪናውን ወደ ኋላ ለመመለስ የደፈረ አልነበረም። የምርመራ ጣቢያው ሰዎች ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ፖሊስ ጠበቁ፤ ያ መኪና እንደገና ተነሥቶ የሚመጣባቸው እየመሰላቸው።

ጣቢያው ትልቅ አይደለም። መኪናዎች በየዓመቱ ለቦሎ የሚፈተሹበት አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። መሐሉ ላይ ባለሙያ ገብቶ የመኪና ሆድ ዕቃ የሚያይበት ጉድጓድ አለ፤ ከጎን ደንበኞች የሚጠብቁበት በመስታወት የተከለለ ክፍል፤ ከላይ ደግሞ አዳራሹን ቁልቁል የሚያይ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ሌላው ጣቢያ ከድልድዩ ማዶ ስለሆነ የአካባቢው ሰው እየተነጫነጨም ቢሆን እዚሁ ይመጣል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ምሳ ሰዓት ሆኖ ነበር። ወፈር ያለች፣ ጫማዋን እየጎተተች የምትሄድ ሴት ናት፤ የማያውቃት ሰው ገበያ ላይ ልጇ የጠፋባት እናት ትመስለዋለች። ከመኪናዋ ስትወርድ ሳጅኑ ጠጋ ብሎ፣

«ኢንስፔክተር፣ የእርስዎም መኪና ቦሎዋ አልፎባታል» አላት።

«አውቃለሁ። ወድቃ ታሳፍረኛለች ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ዝም በልና ሰውየውን አሳየኝ።»

ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። በቱታው ቀበቶ ላይ በተሰፋች ቀለበት ውስጥ አንዲት ትንሽ መዶሻ ገብታለች። ለሟቹ ስም ያወጣችላቸው ይህችው መዶሻ ናት፤ ከጉድጓዱ ውስጥ ሻንሲውን፣ የመኪናውን የሥር ብረት፣ እየመቱ መኪናው ላይ ለተቀመጠው ባልደረባቸው ምልክት ይሰጡባታል። ኢንስፔክተሯ ተነሥታ መኪናውን ዞረችው። ከሸክላ አፈር ማውጫ የመጣ ነው፤ ሆዱ በሙሉ በደረቀ ቀይ ጭቃ ተለስኗል። ከኋላ፣ የሻንሲው ጫፍ ላይ፣ ጭቃው ሦስት ቦታ ተፈርፍሮ ብረቱ ታየ። ፍርፋሪው ንጹሕ ወለል ላይ ወድቋል።

ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ አንድ የብረት መንጠቆ አለ፤ ከሱ በታች ደግሞ በደረት ቁመት የተመታ ምስማር። መንጠቆው ላይ ባለ እጀታ ብረት ተሰቅሏል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ታኮ ነው» አለ ሳጅኑ። «መኪና ጉድጓድ ላይ ሲቆም ከኋላ ጎማው ፊት የሚደረግ። ታኮ ካለ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ግን ኢንስፔክተር፣ ብዙ አይድከሙ፤ ነገሩ አልቋል። ልጅቷ አምናለች።»

ልጅቷ የመኪና ጭስ የምትለካ የጣቢያው ባለሙያ ናት። ደቃቃ፣ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች። አባቷም እዚሁ የፍሬንና የክላክስ ባለሙያ ናቸው። የደንበኞቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የያዘችው ውኃ ጉልበቷ ላይ እየፈሰሰ ነው።

«አንቺ ነሽ የነዳሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባትሽስ የት ነበሩ?»

«ውጭ። ውጭ ነበሩ፤ ምንም አላዩም።»

«እና ሰውየው ሳይወጡ ለምን ነዳሽ?»

«የወጡ መስሎኝ።»

«ታኮውንስ ማን አነሳው?»

«እኔው። ሥራዬ ከኋላ ስለሆነ ሁልጊዜ የማነሳው እኔ ነኝ። ከጉድጓዱ ሰው ወጥቶ በዓይኔ ሳላይ አላነሳም...» ያለችው ነገር ገባት። «ዛሬ ግን አነሳሁ። ምስማሬ ላይ ሰቀልኩት።»

«ምስማርሽ?»

«መንጠቆው ላይ ስለማልደርስ አባቴ ናቸው የመቱልኝ።»

ኢንስፔክተሯ አንገቷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ይዛት ወጣችና የጭነት መኪናውን ጋቢና ከፈተችላት። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ተቆልፏል፤ ማንም አልነካውም።

«ግቢና ፍሪሲዮኑን ርገጪልኝ።»

ልጅቷ ጋቢናው ላይ ወጣች። እግሯን ዘረጋች፣ ከወንበሩ ተንሸራታ ዘረጋች፤ አልደረሰም።

«በምንሽ ረገጥሽው የኔ እመቤት? በጸሎት?»

ልጅቷ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «አባቴን አይውሰዱብኝ። እባክዎ። አውቀው አይደለም፣ በእናቴ አጥንት፣ አውቀው አይደለም።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ዕቃ ቤት። ሥራ አስኪያጁ ከላይ ጠርቶኝ፣ የማተሚያው ወረቀት ስላለቀ ቶሎ አምጪ አለኝ። ይዤ ስመለስ... ጩኸት ሰማሁ። ስሮጥ አባቴ ጋቢና ውስጥ ናቸው። ጎትቼ አወረድኳቸውና እኔ ገባሁ።»

«ወረቀቱ አልቆ ነበር?»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። «ኧረ ገና ነበር። ቸኩዬ አላሰብኩትም።»

የጭነት መኪናው ሾፌር ግዙፍ ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ወንበሩ ሥር ቢደበቅ ደስ ይለው ነበር። ገና ኢንስፔክተሯ ሳትቀመጥ፣

«መኪናዬ ፍሬን አለው!» አለ። «በልጆቼ! ትናንት ነው ያሠራሁት!»

«ፍሬንህን ተወው። ምን አየህ?»

«ምን አያለሁ፣ እዚህ ዘግተውብኝ። በሩ የሚከፈተው ከወዲያ ነው። የመኪናዬ ኋላ አይታይም። ጋቢናው ግን በደንብ ይታያል፤ የነዱት ሽማግሌው የፍሬን ባለሙያ ናቸው። መጀመሪያ ብረት ሲመታ ሰማሁ፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ። ከዚያ መኪናው ተነሣ። ከዚያ ሰውየው ጮኹ። "ቁም! ወንድሜ ቁም!" እያሉ። እኔ መስታወት ውስጥ ሆኜ ሰማሁ እኮ! ሽማግሌው ግን...» ምራቁን ዋጠ። «ፊታቸው ቅጭም አላለም። ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ፊት እያዩ ነዱ። አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።»

«የዚህ ጣቢያ ደንበኛ ከሆንክ ቆየህ?»

«የመጀመሪያ ቦሎዬን ካወጣሁ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ይሄ ሥራ አስኪያጅ እንኳ ዛሬ ከረባት አሠረ እንጂ ያኔ ከኋላ ቆሞ ጭስ ይለካ ነበር። ሁለቴ ጥሎኛል፣ ይቅር አይበለው።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ወንበር ስቦ ተቀበላት። ረጅም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«ምን ልበልዎት፣ የቤተሰብ ያህል ነን። ልጅቷ ደንግጣ ነው፤ አደጋ ነው። የቀብሩን ወጪ ጣቢያው ይችላል። እርስዎም ነገሩን ባያከብዱባቸው...»

«ሲደርስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ስልክ ላይ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጉድጓዱ፣ መንጠቆው፣ ጋቢናው፣ ሁሉም እግሯ ሥር ነው። ከቢሮው የሚወርደው ደረጃ አዳራሹ ጀርባ ላይ ያርፋል።

«የፍሬን ባለሙያው እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?»

«ወርቅ ናቸው። ዝምታ ያበዛሉ እንጂ። እሳቸውን አያስጨንቋቸው እባክዎ፤ አርጅተዋል።»

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ስትወርድ ይህ ደግነት አልዋጥላት አለ። ሰውየው ለልጅቷም ለሽማግሌውም አዘነ፤ ለሟቹ ግን አንድ ቃል አልተረፈውም።

አባትየውን ያገኘቻቸው የመሣሪያ ክፍሉ ጥግ ላይ ነው። ሁሉም «ጋሽ ክላክስ» ይሏቸዋል። መኪና ሲፈትሹ ሾፌሩ ክላክስ እንዲያደርግ በእጃቸው ያሳዩና መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ «ይሠራል» ወይም «ታሟል» ይላሉ። ሾፌሮች እንደ ሐኪም ያደርጋቸዋል እያሉ ይስቃሉ። አሁን መዳፋቸውን ጭናቸው መሐል ቀብረው፣ በር በተከፈተ ቁጥር ሳይሆን ሰው ፊታቸው በቆመ ቁጥር ይባንናሉ።

ኢንስፔክተሯ ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ጋሽ፣ ልጅዎን ልናስራት ነው» አለች።

መልስ የለም። ዞረች፤ ሽማግሌው ወለሉን እያዩ ነው። ሄዳ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች፤ ወዲያው ዓይናቸው ከንፈሯ ላይ ተተከለ።

«ልጅዎ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ ብላለች።»

«ምን አለች?» ብድግ አሉ። «እሷ? ውሸቷን ነው! እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ወንድሜን የጨፈለቅኩት!» መልሰው ተቀመጡ። «አንድ ምት ፍሬን ርገጥ ነው፤ ሁለት ልቀቅ ነው፤ ሦስት ወጥቻለሁ ንዳ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ሦስት መጣ፤ በመቀመጫው በኩል፣ በአጥንቴ መጣ። ወይስ ሁለት ነበር? ሁለት ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ እየመታ ነው፤ አንዴ ሦስት ይሆናል፣ አንዴ ሁለት።»

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ እየቀረጸች ጠየቀች። «ከሟቹ ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ጣሪያው፣ ወደ ላይኛው ቢሮ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ፍርሃታቸው ተጋባባት፤ እሷም ሳታውቀው ወደ ላይ አየች።

«ጓሮ ያለችውን ታክሲ አይተዋታል? ከትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ላይ ሰው ላይ የወጣችውን? ፖሊስ ነው እንድንመረምራት ያመጣት። ባለቤቷ የሥራ አስኪያጁ አማች ነው። ቦሎዋ አዲስ ነው፤ ግን እዚህ አዳራሽ ገብታ አታውቅም። መዳፌ አያውቃትም። መዶሻ ሥሯ ገብቶ አያት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን "ራስህ ሄደህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ" አለው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ወደ ፖሊስ ሊሄድ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጓሮ ወጥታ የታክሲዋን ሸራ ገለጠች። የፊት መስታወቱ ረግፏል፤ የተረፈችው ጥግ ላይ አዲሱ ቦሎ ተለጥፏል። ጎንበስ ብላ ስታይ የፍሬኑ ቱቦ እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቋል። አንድ ዓመት ቀርቶ ማንም ባለሙያ አንድ ቀን አያሳልፈውም።

ሬሳው ተነሥቶ ወለሉ ከታጠበ በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ የጭነት መኪናውን ጉድጓዱ ላይ መልሶ አቁሞታል። ሌላ ታኮ ከጎማው ፊት ገብቷል። ኢንስፔክተሯ ጋሽ ክላክስን ጋቢና ውስጥ እንዲቀመጡ በእጇ አሳየቻቸው። ሽማግሌው እጀታውን ይዘው ወጡ፤ ልጅቷ «ኧረ ስለ ፈጣሪ!» ብላ ልትገባ ስትል ሳጅኑ ያዛት።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አትፍሩ» አለች ኢንስፔክተሯ። ራሷ ግን ፈርታለች። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ደረጃው ላይ ስትቆም፣ የመኪናው አፍንጫ ከግንባሯ በላይ እንደ ጣሪያ ሲዘጋባት፣ ቁልፉን በጣቷ ዳበሰችው፤ ደግማ ዳበሰችው። ከዚያ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ቁም! ወንድሜ ቁም!»

አዳራሹ አስተጋባ። ሾፌሩ ጆሮውን ደፈነ። ጋቢናው ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ወደ ፊት እያዩ ነው፤ ፊታቸው ቅጭም አላለም።

ሳጅኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሻንሲውን በብረት መታው። ጓ፣ ጓ፣ ጓ።

የጋሽ ክላክስ እግር ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ እጃቸው ወደ ቁልፉ ሄደ። ቁልፉ የለም። እጃቸውን አዩት። ቀጥሎ በመስታወቱ ወደ ሰዎቹ ፊት፣ ወደተከፈቱት አፎች አዩ፤ ሁሉም እንዳወቀባቸው ገባቸው።

ኢንስፔክተሯ ከጉድጓዱ ወጥታ ጉልበቷን አራገፈች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ» ብላ በሩን ከፈተችላቸውና ፊቷን ወደሳቸው አድርጋ ተናገረች። «ጋሽ ክላክስ አይሰሙም። ሟቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው በድምፅ መጥራት ትተው በመዶሻ የሚያዟቸው። ልጃቸውም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው በሳቸው ቦታ ልትታሰር የፈለገችው። አባቷ ሁለቱን ሦስት አደረጉት ብላ ነው። አላደረጉትም። ሦስት ነበር።»

«ታዲያ ሟቹ ራሳቸው ናቸው የመቱት» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የሟቹ መዶሻ ቀበቷቸው ውስጥ ነበረች። ደረጃ ሲወጡ ሁለቱም እጃቸው ስለሚያስፈልጋቸው እዚያ ያደርጓታል። ከወጡ በኋላ ነው አውጥተው ሦስት የሚመቱት። እሳቸው ገና አልወጡም። የተመታው ደግሞ ከኋላ ነው፤ ሦስት ቦታ ጭቃው ረግፏል። እሳቸው የነበሩት ከፊት ነው።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«እሺ፣ መኪናው እንዲንቀሳቀስ ታኮው መነሣት ነበረበት። ልጅቷ ዕቃ ቤት ነበረች፤ ያላለቀ ወረቀት ልታመጣ ተልካ። ሽማግሌው ጋቢና ውስጥ ናቸው። ሾፌሩ ተዘግቶበታል። አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ ታኮውን አነሳ፤ በዚያው ብረት ሦስት ጊዜ መታ። የታኮው ጥግ ላይ እስካሁን ቀይ ጭቃ አለ። ከዚያስ የት አደረገው?»

ሁሉም ግድግዳውን አዩ። ታኮው ከፍ ብሎ መንጠቆው ላይ ተሰቅሏል፤ ምስማሩ ባዶ ነው።

«ልጅቷ ብትሆን ምስማሯ ላይ ትሰቅለው ነበር፤ መንጠቆው ላይ አትደርስም። ሾፌሩ ቢሆን መሬት ይጥለው ነበር፤ ማን ነግሮት? ወደ መንጠቆው የሚመልሰው ምስማሩ ከመመታቱ በፊት እዚህ ከኋላ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። ሰው እየገደለ እንኳ እጁ ዕቃውን ድሮ ከለመደው ቦታ የመለሰ።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ጌታዬ፣ ጭስ ሲለኩ ታኮውን የት ነበር የሚሰቅሉት?»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ነካ። ለስላሳ ድምፁ ጠፋ።

«እኔን ምን አድርግ ትሉኛላችሁ? ደንቆሮ መኪና ላይ ሲቀመጥ ሁላችሁም ዝም ብላችሁ አይታችኋል! እኔ ከላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አየሁ፤ ስጠራው አይዞርም፣ ሲንኳኳ ይዞራል። ሌላ ቢሆን ያባርረው ነበር!»

«እርስዎ ግን አላባረሯቸውም» አለች ኢንስፔክተሯ። «አለመስማታቸውን መቼም እንደማይናገሩ ያውቃሉ። በፍርሃታቸው ተማመኑ።»

ሰውየው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሾፌሩ ያን ግዙፍ አካሉን በሩ ላይ አቆመበት። ሳጅኑ እጁን ሲያስረው ሥራ አስኪያጁ መንጠቆውን ነበር የሚያየው።

ሳጅኑ እሱን ይዞ ወጣ። ጋሽ ክላክስ ከጋቢናው ወርደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

«አልሰማም» አሉ። ይህን ቃል ጮክ ብለው ሲናገሩት የመጀመሪያቸው ነው። «ብዙ ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ ሥራው ይቅርብኝ።» ልጃቸውን በትከሻዋ ይዘው ወደሳቸው አዞሯት። «አንቺ ጩኸት ሰምተሻል። መዶሻ... ጠርቶኝ ነበር?»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ፊቷን ቀና አደረገች። ከንፈሯ እንዳይንቀጠቀጥ ነክሳ ለቀቀችው፤ ከዚያ በደንብ እንዲያነቡት ቀስ ብላ ተናገረች።

«አልጠሩዎትም አባ። አንዲት ቃል አላወጡም።»

ሽማግሌው ከንፈሯን አዩ። ከተናገረች በኋላም ብዙ አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያነቡት የኖሩት ከንፈር ነው፤ መቼ እንደሚዋሽ ያውቁታል።

«እሺ ልጄ» አሉና መዳፋቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉ።